ከቤትዝ ወሰን ያለፈ ክንፍ፦ ቨርቹዋል የዲዛይን ውድድር የንፋስ ኃይል ምህንድስናን ያስተምራል ወይ?

የመነሻ ጽሑፍ፦ ክሩን ማለትም የኢንተርኔት ውይይቱን የከፈተው የፊዚክስ መምህር ነው። ተማሪዎቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኮምፒውተር በሚካሄድ የንፋስ ተርባይን ዲዛይን ውድድር ገብተው በቅልጥፍና ዘርፍ አንደኛ ወጥተውለታል። የውጤት ሰነዱን ደስ ብሎት ሲያነብ ግን አንድ ቁጥር ላይ ቆመ፤ ቡድኑ ያስመዘገበው የኃይል ኮኤፊሸንት 0.61 ይላል። በሮተሩ ማለትም በሚዞሩት ክንፎች ስፋት ልክ ከሚመጣው ንፋስ ኃይል 61 በመቶውን ክንፎቹ ወስደዋል ማለት ነው። መምህሩ ይህ ሊሆን እንደማይችል ያውቃል። ተማሪዎቹ አላወቁም፣ ዳኞቹ አላዩትም፣ የውጤት መስጫው ሶፍትዌርም ያለ ማስጠንቀቂያ ተቀብሎታል። መምህሩ ሁለት ነገር አነሳ። አንደኛው ስህተቱ ከየት መጣ የሚል ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ከጥያቄ ይልቅ ወደ ክስ ያደላል፦ እንዲህ ያለ ውድድር ሶፍትዌር መነካካትን እንጂ የንፋስ ኃይል ምህንድስናን አያስተምርም፣ ተማሪው ያልተማረውን የተማረ እንዲመስለው ስለሚያደርግም ጭራሽ ባይኖር ይሻላል ይላል።

ክሩን እስከ መጨረሻው የተከታተልኩት ለዚህ ለሁለተኛው ነገር ስል ነው። የንፋስ ዋሻ ማለትም ንፋስ በቁጥጥር የሚነፍስበት የመሞከሪያ ቱቦ ያለው ትምህርት ቤት ጥቂት ነው፤ የመሞከሪያ ማማ ያለው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ለአብዛኛው ተማሪ ቨርቹዋል ውድድሩ ቀረ ማለት ተርባይን የመንደፍ ዕድሉ ራሱ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ መልሶቹን በቅደም ተከተል ሳስቀምጥ የራሴን ሐሳብም ጣል እያደረግኩ እሄዳለሁ።

መልስ 1፦ ጸሐፊዋ መምህሩን እንኳን ደስ አለዎት ብላ ትጀምርና ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ የቤትዝን ወሰን፣ ማለትም ተርባይን ከንፋሱ ኃይል ሊወስድ የሚችለውን ትልቁን ድርሻ፣ በጥሩ ሁኔታ ታስረዳለች። ንፋሱ ተርባይኑን ሲያልፍ ኃይሉን በሙሉ ቢነጠቅ ከኋላ ቆሞ ይቀራል፤ የቆመ አየር ደግሞ ለሚከተለው መንገድ ይዘጋል። ምንም ካልተነጠቀም ተርባይኑ አይሠራም። የተሻለው ነጥብ መሃል ላይ ነው፦ ንፋሱ ሮተሩ ጋ ሲደርስ ከፍጥነቱ አንድ ሦስተኛውን ያጣል፣ ከኋላ ርቆ ሲሄድ ደግሞ አንድ ሦስተኛው ብቻ ይቀረዋል። ከዚህ ስሌት 16/27 ማለትም 0.593 ይወጣል። ጀርመናዊው አልበርት ቤትዝ ይህን እ.ኤ.አ. በ1919 አሳትሟል። ለማነጻጸሪያም የአሜሪካ ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ ለጥናት ያዘጋጀውን ባለ 5 ሜጋዋት ማጣቀሻ ተርባይን ታነሳለች። ሮተሩ 126 ሜትር ዲያሜትር ያለው ይህ ንድፍ ከፍተኛ የኃይል ኮኤፊሸንቱ 0.482 ነው። ባለሙያዎች የደከሙበት ንድፍ 0.482 ላይ ከቆመ፣ የተማሪዎች ክንፍ 0.61 አመጣ ሲባል ቢያንስ አንድ ሰው መጠየቅ ነበረበት ብላ ትጨርሳለች።

መልስ 2 አጭር እርማት ነው። ወሰኑ በቤትዝ ስም ብቻ መጠራቱ ልክ እንዳልሆነ፣ እንግሊዛዊው ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1915፣ ሩሲያዊው ዡኮቭስኪ ደግሞ በ1920 እዚያው ውጤት ላይ እንደደረሱ ያስታውሳል። እርማቱ ትክክል ነው፤ መምህሩ ለጠየቀው ግን መልስ አይሆንም።

መልስ 3 ወደ ጥያቄው ይመልሰናል። ጸሐፊው የክንፍ ስሌት ፕሮግራም ራሱ እንደጻፈ ይናገርና ጥርጣሬውን ያስቀምጣል። ክንፉን በየቁራጩ እየከፋፈሉ የሚያሰሉ ፕሮግራሞች፣ ሮተሩ ንፋሱን ከልክ በላይ በሚያዘገይበት ሁኔታ መሠረታዊው ቀመር አይሠራላቸውም። ንፋሱ ሮተሩ ላይ የሚያጣው ፍጥነት ከ50 በመቶ ሲያልፍ፣ በቀመሩ መሠረት ሮተሩ ላይ የሚያርፈው ግፊት ወደ መቀነሱ ይሄዳል፤ በሙከራ ሲለካ ግን መጨመሩን ይቀጥላል። ክፍተቱን ለመሙላት ኸርማን ግላወርት ያስተዋወቀው የልኬት ማስተካከያ ይገባል። የውድድሩ ፕሮግራም ይህ ማስተካከያ ከሌለው፣ የክንፍ ጫፍ ብክነትንም ካላካተተ፣ የማይታመን ቁጥር ሊያወጣ ይችላል ይላል። እኔም እስከዚህ ድረስ ሳነብ መልሱ ይህ ነው ብዬ ነበር።

መልስ 4 ላይ የክሩ መንፈስ ተለወጠ። ጸሐፊው ለረጅም ዓመታት ተርባይን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ቃላቱም ጠንከር ያሉ ናቸው። በእሱ አስተያየት ስክሪን ላይ የሚሽከረከር ክንፍ ጨዋታ ነው። ቦልት ያላጠበቀ፣ ማማ ላይ ያልወጣ፣ የተሰነጠቀ ክንፍ በእጁ ያልዳሰሰ ተማሪ ምህንድስና ተማርኩ ሊል አይገባም። ማስረጃው ዴንማርክ ውስጥ ያለው የትቪንድ ተርባይን ነው። የትቪንድ ትምህርት ቤቶች መምህራንና ተማሪዎች ከሚያግዟቸው ሰዎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1975 መገንባት ጀመሩ፤ በ1978 የ54 ሜትር ዲያሜትር ያለው ሮተር መዞር ጀመረ። የፋይበርግላስ ክንፎቹን የሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ የክንፉን ሥር ከሮተሩ ጋር ያያያዙበት ዘዴም ኋላ ለሌሎች የዴንማርክ ክንፍ ሠሪዎች መነሻ ሆኗል። ተማሪ ማለት እንዲህ ያለው ነው፣ የዛሬዎቹ ግን ቁልፍ ተጫኝ ናቸው ብሎ ዘጋ።

ስለ ትቪንድ ያለው እውነት ነው፤ ታሪኩንም በአክብሮት ነው ያነበብኩት። ስለ ዛሬዎቹ ተማሪዎች የሰጠው ፍርድ ግን ከዚያ ታሪክ አይከተልም።

መልስ 5 ይህንኑ ይዞ ይሞግተዋል፤ እሱም ማስረጃውን ከዴንማርክ ያመጣል። ፖል ላ ኩር አስኮቭ በሚገኘው ሕዝባዊ ትምህርት ቤት የሙከራ ወፍጮውን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ይኸው ሰው ትንንሽ ሞዴሎችን በንፋስ ዋሻ ይፈትን ነበር፤ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት በፍጥነት የሚዞሩ ጥቂት ክንፎች እንደሚሻሉ ያየውም በዚህ መንገድ ነው። ኋላም ለገጠር ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ኮርስ ከፈተ። ስለዚህ ከእውነተኛው ነገር በፊት በሞዴል መማር ትላንት የመጣ ስንፍና አይደለም ይላል። ቀጥሎ የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረውን የዩኒቨርሲቲዎች የንፋስ ኃይል ውድድር ያነሳል። እዚያ ቡድኖች ትንሽ ተርባይን ሠርተው የንፋስ ዋሻ ውስጥ ያስፈትናሉ፤ ጎን ለጎንም የንፋስ እርሻ በወረቀትና በኮምፒውተር ይነድፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 በወረርሽኙ ምክንያት በአካል መሰብሰብ ሲቀር ሥራቸውን በኢንተርኔት አቀረቡ። ያኔ የተሳተፉ ተማሪዎች ምህንድስና አልተማሩም ሊባል ነው ወይ ሲል ይጠይቃል።

መልስ 6 ከዚያው ዓይነት ውድድር ያለፈች ተማሪ ናት፤ ከክሩ ውስጥ የወደድኩት አንዱ መልስ የእሷ ነው። ማንንም አትነቅፍም። ቡድኗ መጀመሪያ በኮምፒውተር ነደፈ፣ ከዚያ በሥሪዲ ፕሪንተር ትንሽ ሮተር አትሞ በንፋስ ዋሻ ለካ። የተለካው ኃይል ከተጠበቀው ከግማሽ በታች ሆነ። ምክንያቱን ፍለጋ የኤርፎይሉን (የክንፉን የጎን ቅርጽ) የሊፍትና የድራግ፣ ማለትም የማንሻና የመጎተቻ ኃይል፣ ሰንጠረዥ ሲመለከቱ፣ ሰንጠረዡ የተዘጋጀው ለ1 ሚሊዮን የሬይኖልድስ ቁጥር (ከክንፉ ስፋትና ከአየሩ ፍጥነት የሚሰላ የፍሰት መለኪያ) ሆኖ አገኙት። የእነሱ ክንፍ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ክንፉ ላይ የሚደርሰው የአየር ፍጥነት 25 ሜትር በሰከንድ ነው። ሲሰላ 67 ሺህ ገደማ ይሆናል። በዚህ ዝቅተኛ ቁጥር አየሩ ከክንፉ ጀርባ ቶሎ ይላቀቃል፣ ድራጉ ይጨምራል፣ ሊፍቱ ይወርዳል። ትክክለኛውን ሰንጠረዥ አስገብተው እንደገና ሲያሰሉ ሲሙሌሽኑና ልኬቱ ተቀራረቡ። ትምህርቱን ያገኙት ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ነው። ሲሙሌሽን ባይኖር ኖሮ የንፋስ ዋሻው ውጤት ደካማ ክንፍ ሠርታችኋል ብቻ ይላቸው ነበር፤ ለምን ደካማ እንደሆነ አይነግራቸውም።

መልስ 7 የ4ኛው ሰው ነው፤ ተመልሶ መጣ። ተማሪዋን ያመሰግንና በመጨረሻ በእጅ ለክታችሁ አይደል ወይ ብሎ ወደ ራሱ ሐሳብ ይስባታል። ለ5ኛው ጸሐፊ የሰጠው ምላሽ ግን ስለ ዕውቀቱ ሳይሆን ስለ ሰውየው ነበር። መልስ 8 የአስተባባሪው ነው፤ ሁለቱም በሐሳብ እንዲከራከሩ አሳስቦ አለፈ።

መልስ 9 ሁሉም የዘነጋውን ጥያቄ ያነሳል። የጻፈችው ሴት የ3ኛውን መልስ አክብራ፣ ከመገመት በፊት መምህሩ ቁጥሮቹን ቢሰጠን አይሻልም ወይ ትላለች። የሮተሩ ዲያሜትር፣ የማማው ከፍታ፣ የተሰላው ኃይል በዋት፣ የንፋሱ ፍጥነት፣ በተለይም ፍጥነቱ የት ከፍታ ላይ የተለካ እንደሆነ ጠየቀች።

መልስ 10 ላይ መምህሩ ተማሪዎቹን አነጋግሮ መጣ። የሮተሩ ዲያሜትር 10 ሜትር፣ ማማው 30 ሜትር፣ ኃይሉ 15 ኪሎዋት፣ ንፋሱ 8 ሜትር በሰከንድ ነው። ፍጥነቱ ከምድር 10 ሜትር ከፍታ ላይ እንደሆነ በውድድሩ መመሪያ ተጽፏል።

መልስ 11፦ እዚህ ላይ ነገሩ ተፈታ፤ የፈታችውም የ9ኛዋ ጸሐፊ ናት። ንፋስ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይፈጥናል፤ የምድር ገጽ ፍትጊያ ከታች ያዘገየዋል። የውድድሩ ፕሮግራም የተለመደውን የአንድ ሰባተኛ ቀመር ተጠቅሞ የ10 ሜትሩን ፍጥነት በራሱ ወደ 30 ሜትር ይለውጠዋል። ከፍታው ሦስት እጥፍ ስለሆነ ሦስትን በአንድ ሰባተኛ ከፍ ስናደርግ 1.17 ይመጣል፤ ስለዚህ ሮተሩን ያገኘው ንፋስ 9.36 ሜትር በሰከንድ ነው። ፕሮግራሙ 15 ኪሎዋቱን ያሰላው በዚህ ፍጥነት ነው፤ ልክም ነው። ተማሪዎቹ ግን ኮኤፊሸንቱን ሲያወጡ ኃይሉን ያካፈሉት በመመሪያው ላይ ባዩት 8 ሜትር በሰከንድ ነው። በ8 ሜትር በሰከንድ የ10 ሜትር ሮተር የሚያገኘው የንፋስ ኃይል 24.6 ኪሎዋት ነው፤ 15 ለዚህ ሲካፈል 0.61 ይሰጣል። በ9.36 ሜትር በሰከንድ ግን የንፋሱ ኃይል 39.4 ኪሎዋት ይሆናል፤ 15 ለዚህ ሲካፈል 0.38 ነው። የንፋስ ኃይል ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ስለሚሄድ የ17 በመቶ ልዩነት 60 በመቶ ሆኖ ተገለጠ። ክንፉ ጤነኛ ነው። 0.38 ለጀማሪ ቡድን የሚያኮራ ውጤት መሆኑንም አክላለች።

ይህን መልስ ደግሜ አነበብኩት። ሁለት ቁጥር አካፍሎ የወጣውን መጻፍ ማንም ይችላል። ሁለቱ ቁጥሮች ስለ አንድ ንፋስ የሚናገሩ መሆናቸውን ማረጋገጥ ግን የምህንድስና ልማድ ነው። ልማዱ ደግሞ በማማ ላይም ሆነ በስክሪን ፊት አንድ ነው። በእውነተኛ የንፋስ እርሻ ላይም የመለኪያው ምሰሶ ከሮተሩ መሃል ካጠረ ይኸው ስህተት ይጠብቃል፤ ልዩነቱ እዚያ በገንዘብ መከፈሉ ነው።

መልስ 12 ቁጡ ነው። ጥፋቱ የተማሪዎቹ ሳይሆን የዳኞቹ ነው ይላል። የቤትዝን ወሰን ያለፈ ውጤት ያለ ጥያቄ የሚያሳልፍ ዳኛ የንፋስ ኃይል ውድድር መዳኘት የለበትም፤ ፕሮግራሙም ከ0.593 በላይ ሲገባለት መቀበል የለበትም ብሎ ይጽፋል።

መልስ 13 በሌላ ውድድር ዳኛ የነበረ ሰው ነው፤ በትዕግሥት ይመልስለታል። ዳኛ ብዙ ቡድን በአጭር ጊዜ ያያል፤ የውጤት ሠንጠረዥ ብቻ ከቀረበለት ትልቁን ቁጥር ይመርጣል። ፕሮግራሙ 0.593ን እንዲከለክል ማድረግም ብዙ አይረዳም፤ ስህተቱ 0.38ን ወደ 0.55 ቢያደርሰው ኖሮ ማንም ሳያየው ያልፍ ነበር። እነሱ ያመጡት ለውጥ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ቡድን ሲሙሌሽኑን ከማስኬዱ በፊት ኃይሉን በእጅ አስልቶ ግምቱን እንዲጽፍ ጠየቁ፤ ግምቱና ውጤቱ ከተራራቁ ቡድኑ ምክንያቱን በቃል ያስረዳል። ነጥቡ የሚሰጠው ለግምቱ ትክክለኛነት ሳይሆን ለማብራሪያው ነው። ይህ ከተጀመረ ወዲህ ምርጥ ቁጥር ያለው ቡድን ሁልጊዜ አያሸንፍም። እኔ ከዚህ ክር አንድ ሐሳብ ብቻ ይወሰድ ብባል ይህን እመርጣለሁ። አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ዳኛው ቁጥሩን ከየት አመጣችሁት ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ እንዲሰጠው ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

መልስ 14 ተያያዥ ስህተት ይጨምራል። ተማሪዎች የዓመቱን አማካይ የንፋስ ፍጥነት ወስደው ኩብ ያደርጉታል፤ የዓመት ምርት ከዚያ ያሰላሉ። ነገር ግን ብርቱው ንፋስ ከደካማው እጅግ የበለጠ ኃይል ስላለው የኩቡ አማካይና የአማካዩ ኩብ አይገናኙም። ፍጥነቱ ለንፋስ በተለመደው የስታቲስቲክስ ቀመር፣ በዌይቡል ስርጭት፣ ቅርጹ 2 ሆኖ ከተከፋፈለ፣ እውነተኛው የንፋስ ኃይል አማካይ ከተሰላው 1.91 እጥፍ ይሆናል። መልስ 15 ያንን ሁሉ ተርባይኑ እንደማይጠቀምበት ያርመዋል፤ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ የሚያመነጨው ኃይል ቋሚ ነው፣ 25 ሜትር በሰከንድ አካባቢ ደግሞ ብዙዎቹ ይቆማሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ከ16 እስከ 19 ያሉት መልሶች ከመንገድ ወጡ። አንዱ ቀጥ ብለው በቆሙ ዘንጎች ላይ የሚዞሩ ተርባይኖች የቤትዝ ወሰን አይመለከታቸውም አለ። ሌላው ከእነዚሁ አንዱ የሆነውን የዳርየስ ንድፍ አነሳ። ሦስተኛው ክርክሩን በአንድ ነጥብ ቆረጠው፦ የቤትዝ ስሌት ስለ ክንፍ ቅርጽ የሚያነሳው ነገር ብዙም የለም፣ በአንድ ስፋት ስለሚያልፍ አየር ነው የሚናገረው፤ ስለዚህ ዘንግ ማቆም ብቻውን ነፃ አያወጣም። አራተኛው የሚያመሰግን ነበር።

መልስ 20 ረጅም ነው፤ ዝርዝሩን ማሳጠር አልፈልግም። የጻፈው የንፋስ እርሻዎችን ዓመታዊ ምርት የሚያሰላ ባለሙያ ነው። የ1ኛዋና የ11ኛዋ ጸሐፊዎች ያሳዩት በአንድ ተርባይን ላይ ያለ ስህተት ነው፤ እሱ የሚፈራው ግን ተማሪው አንዳች ስህተት ሳይሠራ የሚያገኘውን ሐሰተኛ ድል ነው። በእርሻ አቀማመጥ ውድድሮች ቡድኖች ተርባይኖችን በካርታ ላይ ይደረድራሉ። አንዱ ተርባይን ከኋላው የዘገየ አየር ማለትም የንፋስ ጥላ ይተዋል፤ ጥላው ውስጥ የገባ ተርባይን ያነሰ ያመነጫል። ጥላውን ለማስላት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እ.ኤ.አ. በ1983 በዴንማርኩ ሪሶ ላቦራቶሪ የንሰን የተባለ ተመራማሪ ያቀረበው ቀላል ሞዴል ነው። በዚህ ሞዴል ጥላው እየሰፋ የሚሄድ ኮን ነው፤ በኮኑ ውስጥ ፍጥነቱ በሁሉም ቦታ እኩል ይቀንሳል፣ ከጠርዙ ውጭ ግን ምንም አይቀንስም።

ቁጥሩንም ያስቀምጣል። የ126 ሜትር ሮተር ይሁን፤ የግፊት ኮኤፊሸንቱ 0.8፣ የጥላው መስፊያ ልክ በየብስ እንደተለመደው 0.075። አምስት ዲያሜትር ማለትም 630 ሜትር ከኋላ፣ ጥላው ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 110 ሜትር ይሆናል፣ በውስጡም ፍጥነቱ በ18 በመቶ ይቀንሳል። በኩብ ሲሰላ 45 በመቶ የኃይል መቀነስ ነው። አሥር ዲያሜትር ሲርቅ የፍጥነቱ ቅነሳ ወደ 9 በመቶ፣ የኃይሉ ወደ 24 በመቶ ይወርዳል። የውድድሩ ፕሮግራም ደግሞ የተርባይኑን መሃል ነጥብ ብቻ የሚመረምር ከሆነ፣ ከመስመሩ 109 ሜትር ወደ ጎን የቆመ ተርባይን 45 በመቶ ያጣል፣ 112 ሜትር የቆመው ግን ምንም አያጣም። የተሻለ አቀማመጥ የሚፈልገው ፕሮግራም ይህን ስለሚያገኘው ሁሉንም ተርባይኖች ከጠርዙ ጥቂት ሜትር ውጭ ይተክላቸዋል። ካርታው ያምራል፣ ነጥቡም ከፍተኛ ይሆናል። በእውነቱ ግን የጥላ ጠርዝ የለም፤ ፍጥነቱ ከመሃል ወደ ዳር ቀስ በቀስ ነው የሚመለሰው፣ የንፋሱም አቅጣጫ ይዋልላል። ሆርንስ ሬቭ 1 የተባለው የዴንማርክ የባሕር ላይ እርሻ እ.ኤ.አ. በ2002 በ80 ተርባይኖች ሲሠራ በመካከላቸው 560 ሜትር ተትቶ ነበር፤ ንፋሱ በረድፉ አቅጣጫ ሲነፍስ ከኋላ ያሉት ምርት በግልጽ እንደሚቀንስ ተለክቷል፤ ለጥላ ሞዴሎች መፈተኛ ሆኖም ለዓመታት አገልግሏል።

ባለሙያው ግን ውድድሩ ይቅር አይልም። የመፍትሔ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ተማሪው በአንድ ሞዴል ያገኘውን አቀማመጥ፣ ጠርዝ የሌለው ጥላ በሚያሰላ ሌላ ሞዴል እንደገና ያስኬድ፤ ንፋሱንም አምስት ዲግሪ ያዙረው። ብልጫው በሁለቱም ከጸና ዲዛይን ነው፤ ከጠፋ ሶፍትዌሩን ነው ያሸነፈው። ፍሎሪስና ፓይዌክ የተባሉት ፕሮግራሞች ምንጫቸው ክፍት ስለሆነ ይህን ማንም ሊያደርገው ይችላል። መምህሩ ሶፍትዌር መነካካት ያለው ነገር እውነተኛ መልኩ ይህ ይመስለኛል፤ መድኃኒቱም እዚያው ኮምፒውተር ላይ አለ።

መልስ 21 የ4ኛው ሰው ነው፤ በዚህ ጊዜ ለዘብ ብሏል፣ የጨመረውም ትልቅ ነገር ነው። ውድድሩ የሚለካው ምርትን ብቻ ከሆነ ተማሪው ክንፉን ያረዝማል፣ ያሳሳማል፤ ቀጭን ኤርፎይል ሊፍቱ ከድራጉ ጋር ሲነጻጸር ጥሩ ነውና። ማማ ላይ የወጣ ሰው ግን የክንፍ ሥር ለምን ወፍራም እንደሆነ ያውቃል፤ የሚታጠፈው እዚያ ነው። መልስ 22 ሐሳቡን በቁጥር ይደግፋል። የ5 ሜጋዋቱ ማጣቀሻ ክንፍ 61.5 ሜትር ርዝመትና 17,740 ኪሎ ግራም ክብደት አለው። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ የንፋስ መርሐ ግብር ያወጣው የ15 ሜጋዋት ማጣቀሻ ክንፍ 117 ሜትር ነው፤ ክብደቱ በርዝመቱ ኩብ ልክ ቢያድግ ከ120 ቶን ያልፍ ነበር፤ በንድፉ ላይ ግን 65 ቶን ገደማ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከቁሳቁስና ከንድፍ ነው። የክብደትና የመታጠፍ ገደብ ያላስቀመጠ ውድድር ይህን ትግል በሙሉ ከተማሪው ይሰውርበታል ይላል።

መልስ 23 ላይ 5ኛው ጸሐፊ ከ4ኛው ጋር ይስማማል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። የዩኒቨርሲቲዎቹ ውድድር ተርባይኑ በትእዛዝ እንዲቆም፣ ከጭነቱ ሲቋረጥም በራሱ እንዲቆም እንደሚጠይቅ ያስታውስና ይህ በቨርቹዋልም ይቻላል ይላል። በሲሙሌሽኑ መሃል የጄኔሬተሩን ጭነት ድንገት ዜሮ ማድረግ ይበቃል። ክንፉን የሚገታው ቶርክ (የማዞሪያ ኃይል) ሲጠፋ ሮተሩ ይፈጥናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ክንፉን ከሥሩ የሚጎትተው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ተማሪው ክንፉን ከንፋሱ ለማስቀየስ በሥሩ ላይ የሚያዞርበት ወይም ፍሬን የሚይዝበት ዘዴ ካላዘጋጀ ዲዛይኑ ይወድቃል። 4ኛው ሰው በዚህ ላይ የሰጠው ምላሽ መልስ 24 ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሐሳቡን ወዶታል፣ ሆኖም ሮተር ከቁጥጥር ውጭ ሲፈጥን የሚያሰማውን ድምፅ በጆሮው ያልሰማ ተማሪ ፍርሃቱን አያውቀውም ብሎ ይጸናል። በዚህ አልተግባቡም፤ እኔም እዚህ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ።

መልስ 25 የመምህሩ ነው። ውድድሩ ባይኖር ይሻላል ያለውን አንስቷል። ሽልማቱ ግን በተሳሳተ ቁጥር ስለተሰጠ መስተካከል አለበት በሚለው ጸንቷል፤ ለአዘጋጆቹም የ11ኛዋን ስሌት ጨምሮ እንደሚጽፍ ገልጿል። ከተማሪዎቹ ጋር ሲነጋገር ግማሾቹ ሽልማቱ እንዳይነካ ፈልገዋል፣ ግማሾቹ ደብዳቤውን ራሳቸው ለመጻፍ ጠይቀዋል። ከእነሱ አንዷ ወደ ክሩ ገብታ በመልስ 26 ለ6ኛዋ ጸሐፊ ጥያቄ አቀረበች፦ ክንፋቸውን አሳንሰው በፕሪንተር ማተም ስለሚፈልጉ ለዝቅተኛ የሬይኖልድስ ቁጥር የሚሆን የሊፍትና የድራግ ሰንጠረዥ ከየት ይገኛል?

መልስ 27 የ6ኛዋ ጸሐፊ ነው፦ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች በማይክል ሴሊግ መሪነት በዝቅተኛ ፍጥነት የለኳቸውን ኤርፎይሎች ውጤት በነፃ አውጥተዋል። ከ6040 እስከ 6043 ያለው የኤስጂ ቤተሰብ ደግሞ ለትንንሽ የንፋስ ተርባይኖች ታስቦ የተነደፈ ነው። ሰንጠረዥ ከማውረዷ በፊት የክንፏን ስፋትና የአየሩን ፍጥነት ከሥሩ፣ ከመሃሉና ከጫፉ ለየብቻ እንድታሰላ፣ ሦስቱም አንድ ሰንጠረዥ ላይ እንደማይወድቁ እንድታይ መከረቻት። መልስ 28 የተማሪዋ ነው፤ ሦስቱን ቁጥሮች አስልታ አስቀምጣለች፣ የሥሩ ትክክል መሆኑን እንዲያዩላትም ጠይቃለች።